ጓጉንቸርና ኖራ

በ2013 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ፣ የአጥሬን በር የማድስበት ምስማር ፍለጋ ሰቆጣ ገበያ ዳር ወዳለው የቅጣው ሱቅ ሄድኩ። ቅጣው ከጨው እስከ ቆርቆሮ የማይሸጠው ነገር የለም፤ ወሬውን ደግሞ በነጻ ይመርቃል። ደጃፉ ላይ ሁለት የማውቃቸው ሰዎች ቆመው አገኘሁ። አንዱ አያ ገብረ ሊባኖስ ናቸው፤ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። መጋቢው በወር አንዴ ከሩቅ የሚመጡ ስለሆነ የቤቷ ቁልፍ ከእርሳቸው ኪስ አይወጣም። ሁለተኛዋ ሲስተር ሠርካለም ናት፤ ድሮ ተማሪዬ የነበረች፣ ዛሬ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የዚያችው ቤተ ክርስቲያን ምእመን።

አያ ገብረ ሊባኖስ ጡጫ የሚያክል ጓጉንቸር ያገላብጣሉ። ሠርካለም አንድ ከረጢት ኖራ እግሯ ሥር አስቀምጣለች።

«የሁለታችሁም ዕቃ ለአንድ ቤት ነው?» አልኩ ለቀልድ።

«ለአንድ ቤት ነው፣ መምህር» አለች ሠርካለም ጭምብሏን እያስተካከለች። «እኔ ልከፍት፣ እርሳቸው ሊዘጉ።»

በቀልዴ የሳቀ አልነበረም። ቤቲቱ ኮሮና ከገባበት ከመጋቢት ጀምሮ ተዘግታለች። አሁን ክልከላው ላልቷል፤ ከበላይ አካላቸውም «ተጠንቅቃችሁ ተሰብሰቡ» የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ቁልፉን አልሰጥም ያሉት ግን አያ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሽማግሌው «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው በሽታውን ሲንቁ፣ ነርሷ ስትከለክል እናይ ነበር። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል፤ የተገለበጠበትን ምክንያት ለመረዳት ስለ ሰልፋቸው ማወቅ ያስፈልጋል።

እነዚህ ሰዎች ከጸሎት ሲወጡ እንደ እኛ እንደ ኦርቶዶክሶቹ አይበተኑም። መጀመሪያ የወጣው ከበሩ አጠገብ ይቆማል። ሁለተኛው እሱን ጨብጦ ከጎኑ ይቆማል፣ ሦስተኛው ሁለቱን ጨብጦ ይቀጥላል፤ እንዲህ እያለ የመጨረሻው ሰው ሁሉንም ጨብጦ ሰልፉን ይዘጋል። ልማዱን ያመጡት አያ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ቤቲቱ ስትተከል ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከተማው ሃይማኖት ለወጡ ብሎ ሰላምታ ነሳቸው። «ሰው ካልጨበጠን እኛው እንጨባበጥ» ብለው ጀመሩት። ሰላምታ ከነሷቸው አንዱ እኔ ነኝ። እሑድ ሰልፉን ሳይ ፊቴን አዙሬ ወደ ግቢዬ እገባ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

የሰልፉ መጨረሻ ሁልጊዜ ወይዘሮ መስታወት ነበሩ። በኽምጥኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ የሚጸልዩ፣ ከገጠር በእግራቸው የሚመጡ መበለት። «መጨረሻ የቆመ ሰው የሚያመልጠው የለም» ይሉ ነበር አሉ።

«አያ፣ ደብዳቤውን አይተውታል» አለች ሠርካለም። «ስድስት ወር ሆነ። ሰው ተጎድቷል።»

«ደብዳቤውን የጻፈው ሰው መስታወትን አልቀበረም» አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን። ሰኔ ላይ ደሴ የታመመ ወንድሜን ጠይቄ መጣሁ። እግሬ እንደ ገባ ወደ መስታወት ሄድኩ። ‹ሦስት ወር ሙሉ እጄን የነካው ሰው የለም› አለችኝ። እጇን ያዝኩ፣ ሳምኳት። ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘግተን እስኪመሽ ዘመርን። ያስለኝ ነበር፤ የመንገድ ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። ለሁለት ሳምንት ሁለት ቀን ሲቀረው ቀበርናት። አምስት ሰው ነበርን። የምርመራው ውጤት ከቀብሯ በኋላ መጣ፣ ያው በሽታ ነው። እንግዲህ እኔ ያንን በር ልከፍት?»

«ሞት ለማን ይቀራል» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እንዲህ ያለው ማጽናኛ ተናጋሪውን እንጂ ሰሚውን አያሳርፍም።

«ሲስተር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከእርስዎ አይደለም በይኝ እስቲ።»

ሠርካለም ፊት ለፊት አየቻቸው። «አልዋሽዎትም፣ አያ። ከእርስዎ ሊሆን ይችላል፤ ከሌላ ሰውም ሊሆን ይችላል። ግን ጥፋቱን ብቻዎን አይሸከሙት። መጋቢት ላይ በበሩ ወረቀት የለጠፍኩት እኔ ነኝ። አትሰብሰቡ፣ አትጨባበጡ፣ አትሳሳሙ ብዬ ክልከላ ብቻ ደረደርኩ። ሰው ሲናፍቅ እንዴት እንደሚጠያየቅ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ‹ግቢው ላይ ራቅ ብለው፣ አፍዎን ሸፍነው ያጫውቷቸው፤ ሳል ካለብዎ ግን ይቆዩ› ብዬ ነግሬዎት ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

«እንዳልሽኝ አደርግ ነበር።»

«አውቃለሁ። እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።»

አያ ገብረ ሊባኖስ ጓጉንቸሩን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «እንግዲያ ተስማማን። በነበረው ላይ ይህን እደርብበትና በሽታው እስኪያልፍ ይዘጋል።»

«ማንን ሊያቆሙበት ነው?» አለች። «ባለፈው እሑድ ከእኛው አሥራ አራት ሰው ወንድማችን ንጋቱ ሳሎን ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ዘመረ። መስኮቱን ዘግተው።»

«ምነው መስኮቱን?»

«እርስዎ እንዳይሰሙ። የቁልፉ ባለቤት ይቆጣሉ ብለው ነው። ከዘመሩትም ሁለቱ በዕድሜ የእርስዎ እኩዮች ናቸው።»

ሽማግሌው ጓጉንቸሩን በቅጣው ባንኮኒ ላይ መልሰው አኖሩት። «በሩን ዘግተው ዘመሩ» አሉ። «መስታወት ቤት የሆነው እኮ ነው። እኔው ደገምኩት።»

ሰው ቤት ሲዘጋበት የሚቀመጥ ይመስለናል። ሰው ግን አይቀመጥም፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ፣ ከብርሃኑ ወደ ጓዳው ይሄዳል እንጂ። ይህን ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር ያልገባኝን፣ ያን ቀን ከተማሪዬ ተማርኩ።

«ቢከፈት እንዴት ይሆናል?» አሉ አያ ገብረ ሊባኖስ።

«በሁለት ፈረቃ፣ መስኮቶቹን ወለል አድርገን። ዝናብ ካልጣለ ግቢው ላይ። በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና ይቆማል፤ ሁሉም አፉን ይሸፍናል፤ መዝሙሩ ያጥራል። ያመመው ሰው ቤቱ ይቆያል፣ እኛ ደጁ ድረስ እንሄድለታለን፤ ሳይጠየቅ የሚቀር አይኖርም።»

«ጽዋውስ? ከአንድ ጽዋ ስንቀበል ኖረናል።»

«መጋቢው ለየሰው ትንንሽ ኩባያ ይዤ እመጣለሁ ብለዋል። ሥጋ ወደሙ ያው ነው፣ አያ።»

ሦስተኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ፈሩ። እሷው ቀደመቻቸው። «ሰልፉ አይቀርም። ኖራውን የገዛሁት ለእሱ ነው። በየሁለት እርምጃው ምልክት እናደርጋለን። ሰው በምልክቱ ላይ ይቆማል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል።»

«እጅ ካልተነካካ ሰላምታ ይባላል?»

እዚህ ላይ ጥልቅ አልኩ። «አባቶቻችን ለተከበረ ሰው ከሩቅ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ መቼ ጨበጡ፣ አያ? እንዲያውም ከመጨበጡ እሱ ይከብድ ነበር።»

አሮጌውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለሠርካለም ሰጧት። ቀጥለው ጎንበስ ብለው ከረጢቱን አነሱ። «ይህን እኔ ልያዝ» አሉ።

ነገሩ ለሌላውም እንዲጠቅም ፍሬውን ልናገር። ከሁለት እሑድ በኋላ የንጋቱ ሳሎን ጉባኤ ተበተነ፤ መደበቅ የሚያስፈልገው ሰው ጠፋ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ታመመ፤ ሳይደብቅ ስለተናገረ ጊዜ ሳይፈጅ ታወቀ፣ ቤቱ ቆየ፣ ለጎረቤት አልተረፈም። መውጣት የማይችሉ አረጋውያን በተራ ግቢያቸው ላይ ይጠየቃሉ። ጀሪካኑን አይተው የእኛም ዕድርተኞች በለቅሶ ድንኳን በር ላይ አቆሙ። ይህን ሁሉ ያደረገው በሩን በአግባቡ መክፈት ነው፤ ሰኔ ላይ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ግን ዛሬም እቆጫለሁ።

የመጀመሪያውን እሑድ አልረሳውም። ከቅዳሴ ተመልሼ የአጥሬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ነጫጮቹ ምልክቶች ከደጃፋቸው ጀምረው እስከ መንገዱ ይደርሳሉ። አንድ በአንድ ወጡ፣ በየምልክታቸው ቆሙ፣ ጎንበስ ጎንበስ አሉ። ዘወትር ፊተኛ ሆነው የሚወጡት አያ ገብረ ሊባኖስ ያን ቀን መጨረሻ ወጡ። ለእያንዳንዱ ሰው እጅ እየነሱ እስከ መንገዱ ዳር መጡና በወይዘሮ መስታወት ቦታ ቆሙ። ከዚያ በኋላ ሰው አልነበረም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወይዘሮዋ ይመጡበት በነበረው በገጠሩ መንገድ በኩል ጎንበስ አሉ።

በዚያ በኩል የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ፊቴን አላዞርኩም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሳኋቸው፤ በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ለሰልፋቸው ሰላምታ ስሰጥ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ወይዘሮ መስታወት በየእሑዱ በዚያው መንገድ፣ በደጄ ያልፉ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንደምን አደሩ አላልኳቸውም።