የአልጋ ወራሹ ፊርማ

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊት ለፊቴ አንድ ወጣት መምህርና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መምህሩ መጽሐፍ ከፍቷል።

«ምንድን ነው ልጄ የምታነበው?»

«የአውሮፓ ታሪክ ነው አባባ። የነገሥታቱ ማዕረግ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ መጨረሻውም ምን እንደሆነ።»

«ምን ሆነ?»

«ጠፋ። ኦስትሪያ በሚባል አገር ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደው ሞቱ። ልጃቸው አገሬ ልግባ ቢል፣ መጀመሪያ የአባትህን አልጋ አልፈልግም ብለህ ፈርም አሉት።»

«ፈረመ?»

«ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረመ።»

«አባቱ ያኔ ሞተዋል አልከኝ?»

«አዎ፣ ቀደም ብለው።»

«እሱስ ታድሏል።»

«እንዴት አባባ?»

«ይኸ መሬት የተሸነሸነ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን የተሾመ ሰው ቤተሰብ መሬቱ ይቀነስበት ነበር። አባቴ ግራዝማች ነበሩ። ዋርካ ሥር በተጠራው ስብሰባ ላይ አቁመው ‹አባትህ ሹም ነበሩ?› አሉኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«‹ኧረ የምን ሹመት! ሰው ለቀልድ ያወጣላቸው ስም ነው› አልኩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢውም አለፈኝ።»

«መሬቱስ?»

«ተረፈልኝ። ይኸው አርሰዋለሁ።»

«እና ምን ያድርጉ አባባ፣ ልጆች ማሳደግ ነበረብዎት።»

«አባቴ እኮ እዚያው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል።»

«ሰሙ?»

«ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ‹ግራዝማች› ብሎ ሲጠራቸው አቤት ማለት ተዉ።»

መውረጃዬ አልፎኝ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል ቡሬ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ።