ለመብራት የተሰጠ የውሃ ተራ

ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ግርጌ፣ ወደ እናቴ አገር ስወጣ ዝናብ ቀደመኝና ከአንድ ኮሶ ዛፍ ሥር ተጠለልሁ። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተጠልለው ይከራከራሉ። አንዱ የመንደሩ የውሃ አባት አያ ይሻው ናቸው፤ በበጋ ማን መቼ መስኖ እንደሚያጠጣ የሚወሰነው በእሳቸው ቃል ነው። ሁለተኛዋ የጎረቤታቸው ልጅ መሐንዲስ ሕይወት ናት። በመንደሩ ፏፏቴ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለመትከል መጥታለች። እሑድ መንደሩ ይወስናል፤ አያ ይሻው እንቢ ካሉ ግን እጁን የሚያነሣ የለም።

«ልጄ፣ ወተት ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚተርፈው አሬራ ነው» አሉ ሽማግሌው። «መብራቱን ካወጣችሁለት በኋላ ለድንቼ የምትመልሱልኝም የውሃውን አሬራ ነው።»

እኔ ሳቄ መጣ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። በሽማግሌ ስጋት የሚስቅ ምሁር መልስ ያጣ ነውና ደስ አለኝ።

«አያ ይሻው፣ አይቆጡኝና ድንችዎ ከፏፏቴው በላይ ነው በታች?»

«በታች ነው፤ ከአባቴ የወረስሁት።»

«እንግዲያ ውሃው ጉልበቱን ገደሉ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ጨርሶ ነው ወደ ማሳዎ የሚመጣው። ድንችዎ ከስቶ ያውቃል?»

«የኔን ድንችማ የደብረ ታቦር ገበያ ያውቀዋል።»

«እኛም የምንወስደው ድንጋዩ ሲወስደው የኖረውን ጉልበት ነው። ውሃው በቧንቧ ወርዶ ማሽኑን ያሽከረክርና እዚያው ፏፏቴው ሥር ወደ ወንዙ ይመለሳል። አንድ ጣሳ አይጎድልም።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ማናችንም አልተነሣንም።

«በበጋስ? ከፏፏቴው በላይ ያሉት ገብሳቸውን ሲያጠጡ ማሽንሽ ምን ሊጠጣ ነው? ወይስ ገብሱ ይድረቅ?»

«ለዚህማ ነው አንቱን የፈለግሁት። ቀን ገብሱ ይጠጣ፣ ማታ ማሽኑ። የውሃውን መዝጊያ ግን ተራ የማያዛባ ሰው መያዝ አለበት።»

«ማታማ ውሃውን የሚሻው የለ» አሉ ቀስ ብለው። ያን ጊዜ ልባቸው እንደተመለሰ አወቅሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ይሻው ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

«ወገኖቼ፣ ተሳስቼ ነበር። ይህ ውሃ በደጃችን ሲያልፍ እኛ በኩራዝ ጭስ ዓይናችን ጠፋ። ሴቶቻችን በጨለማ ወለዱ፤ እህል ለማስፈጨት ከተማ ድረስ ተጓዙ። ለዚህ መብራት ነዳጅ አንገዛለት፣ ዛፍ አንቆርጥለት። ውሃው እንደሆነ የራሳችን ነው። እንግዲህ በበጋ ቀኑ የገብስ፣ ሌሊቱ የመብራት ተራ ነው። ተራ ያዛባ፣ መሐንዲስም ቢሆን፣ ከኔ ጋር ይጣላል።»

እጅ ሁሉ ተነሣ።

ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ድንቹ ሁለት ጊዜ ደርሷል፤ ገበያውም ልዩነት አላገኘበትም። እኔ የማልረሳው ግን መብራቱ የበራበትን የመጀመሪያውን ምሽት ነው። አያ ይሻው መዝጊያውን በገዛ እጃቸው ከፈቱ። መጀመሪያ ጤና ኬላው በራ፤ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያም ቤቶቹ አንድ በአንድ። የእናቴ አገር ሰዎች የራሳቸውን ውሃ በራሳቸው ዳኝነት መብራት አደረጉት፤ ኮራሁባቸው።

ሽማግሌው ግን ፊታቸውን ወደ ከተማው አዙረው ቆመዋል።

«ከዚህ ሆነን የደብረ ታቦርን መብራት ስናይ አረጀን» አሉ። «ዛሬ እነሱም እኛን ይዩን።»