አየሩ የሚያፏጨው በየት ነው?

ጂንካ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ለዓመታት ከሞተር ጩኸት ጋር ውዬ ጆሮዬ ደክሟል፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን አንዲት መምህርት ዳገት አልወጣ ያላትን መኪናዋን ይዛ ከዲመካ መጣች። የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን፣ አየር አምቀው የሚይዙበትን አቅም፣ ስለካ ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ከግማሽ በታች ሆነብኝ። ፒስተኑን ወደ ላይ አድርሼ እሳት የሚረጨውን ካንዴላ ፈትቼ በቀዳዳው አየር ሞላሁበትና የሚያፈስበትን ለመስማት አጎነበስኩ። በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽገው ቀለበት፣ ፋሻው፣ አልቋል፤ ሞተሩ እንዳለ ይወርዳል። በጭስ ማውጫው ከሆነ ግን ቫልቭ ነው፤ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ መክፈት ይበቃል። እኔ ምንም አልሰማሁም። አልሰማሁም ማለት አሳፈረኝና በግምት፣ «ፋሻው ነው፤ ሞተሩ ይወርዳል» አልኳት።

ፊቷ ጠቆረ። «ጋሼ፣ ታዲያ ከኋላ የሚያፏጨው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«የቱ?»

ጠጋ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «አይሰማዎትም እንዴ?»

ሄጄ መዳፌን ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ብደቅን አየሩ ይገፋኛል። «ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ቫልቭ ነው። ጆሮዬ ደካማ ነው፤ ገምቼ ነው የነገርኩሽ» አልኳት።

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። «እኔም ያልገባኝን እንደገባኝ ሆኜ ያስተማርኩበት ቀን አለ። በሉ ይክፈቱት።»

ስከፍተው የአንዱ ቫልቭ ዳር ተቃጥሎ ተሸርፏል። ቀይሬላት በሦስተኛው ቀን ወደ ዲመካ ነዳችው። አሁን አየር በሞላሁ ቁጥር ባለመኪናውን አጠገቤ አቆምና፣ «እኔ አልሰማም፤ እስቲ አንተ ስማልኝ» እለዋለሁ።