ነጠላዬን ስታይ የምትጮኸው ልጄ

ልጄ ሄለን አሥር ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቶሎ አይገባትም፣ አፏም ገና በደንብ አልተፈታም። እሁድ ጠዋት ነጠላዬን ሳነሳ እየጮኸች እጇን ትነክስ ነበር። እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈራችን ያለች ጎረቤቴ "ያደረባት ነገር ቤተ ክርስቲያን አይወድም" ስትለኝ አመንኳት። ፊቷ ላይ ጠበል ረጭቼ፣ ቅዳሴ እንዳትረብሽ በሩን ቆልፌባት እሄድ ነበር።

በቅርቡ የእንደዚህ ዓይነት ልጆችን ጠባይ የምትከታተል ባለሙያ ቤታችን መጣች። ፋጡማ ትባላለች፤ የጅቡቲ ሰው ናት፣ አማርኛ ከእኛ አገር ሴቶች ለምዳለች።

"የሄለን እናት፣ ከመጮኋ በፊት ምን ታያለች?"

"ነጠላዬን።"

"ነጠላ ለብሰሽ የት ትሄጃለሽ?"

"ቤተ ክርስቲያን ነዋ።"

"እሷስ?"

ዓይኔ በሩ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ። ፋጡማም አየችው። "እኔም ብሆን እጮኻለሁ" አለች፣ ሳትቆጣ።

በሚቀጥለው እሁድ ነጠላዬን ለሁለት ቆርጬ ግማሹን አለበስኳት። አልጮኸችም፤ ጫማዋን ይዛ በሩ ጋ ቆመች። ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ የሚለምነው ነበረው። እኔ ግን የጥርስ ጠባሳ ያለበትን እጇን ይዤ፣ ይቅርታ መጀመሪያ የምጠይቀው እግዜርን ይሁን እሷን አላወቅኩም።