በካሴቱ ውስጥ የተሰማው ሳል

ቦሌ መንገድ ላይ ካሴት ቤት ነበረኝ። አንዲት ሆስተስ ደንበኛዬ ከውጭ ያመጣችልኝን የአንድ አሜሪካዊ የካንትሪ ዘፋኝ ካሴት ነጋ ጠባ ስለማጫውተው፣ ዘፋኙ የት ጋ እንደሚተነፍስ ሳይቀር በቃሌ ይዤው ነበር። ጊታር፣ ሃርሞኒካና የሱ ድምፅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁር የለበሱ እናት ገብተው ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሙ።

«ልጄ ነው» አሉኝ።

«አይደለም እማማ፣ ፈረንጅ ነው።»

«ጊታሩን ይዞ እንዲህ ነበር የሚዘፍንልኝ፤ እንደዘመተ ቀረ። ቆይ፣ አሁን ያስለዋል።»

ዘፈኑ መሃል ላይ አንድ ሰው ሳለ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ካሴት ነው፣ ሳል የሚባል ነገር ኖሮበት አያውቅም! እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

«አሁን ደግሞ እማዬ ብሎ ይጠራኛል።»

ዘፋኙ ዝም አለ፤ ጊታሩም ቆመ። አንድ ሰው ሊናገር ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ሳላስበው እጄ ቴፑን ቀጥ አደረገው። ያንን ካሴት መልሼ የማጫወት ድፍረት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

እናትየዋ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ለምን አጠፋህበት? ወዬ ልለው ነበር እኮ።»