በስኮላስቲካ ደጃፍ የተደረገ ክርክር

ቡገንቪል ነፃ ትውጣ ወይስ በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር ትቆይ ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ በተደረገበት ኅዳር፣ የምርጫ ሳጥኑ እኛ መንደር የቆየው አንድ ቀን ብቻ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ በጀልባ ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። እኔ የመንደሩ መምህር ነኝ። መርጬ ስመለስ አባባ አሎይስን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እንደኔው ጣታቸው በቀለም ጠቁሯል፤ ፊታቸው ግን ከጣታቸው ይብሳል።

«ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ለእኅቴ ልጅ ለስኮላስቲካ ድምፅ ልስጥላት ብል እነዚያ ምርጫ አስፈጻሚ ጎረምሶች ከለከሉኝ! ሃያ ዓመት ስለ መሬቷ የተናገረላት ማን ሆነና ነው?»

መሬቱ በእኛ ዘንድ የሴቶች ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። አደባባይ ወጥቶ የሚናገረው ግን አጎት ነው። ስኮላስቲካ ደግሞ ባሏ ከሞተ ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፤ የሐዘን መፍቻው አሳማ እስኪታረድ ከቤት አትወጣም። ከዚያ በፊት ጠርቶ ሊያወጣት የሚችለው የእናቷ ወንድም ብቻ ነው።

«እንግዲያው ይጥሯትና ራሷ ትምረጥ።»

«አብደሃል? የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

እየተጨቃጨቅን ደጃፏ ደረስን። እሳቸው ግንድ ላይ ተቀምጠው ቡአያቸውን፣ ያን አፍ የሚያቀላ ፍሬ፣ ማኘክ ያዙ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ክርክር ነፍሴ ነው።

«አባባ፣ ለነፃነት ከመንግሥት ጋር በተዋጋንበት ጦርነት ጊዜ ጫካ ነበሩ አይደል?»

«ስድስት ዓመት።»

«ማን አወጣዎት?»

የቡአያቸውን ቀይ ምራቅ መሬት ላይ ተፉ።

«ስኮላስቲካ አይደለችም? በሁለት መትረየስ መሃል አልፋ ‹አጎቴ፣ ይበቃል› ብላ ያመጣችዎት? ያኔ ማን ፈቀደላት?»

«ያ ጦርነት ነው፤ ሌላ ነው።»

«ለሞት ስትሄድ ደንብ የለም፣ ለድምፅ ስትሄድ ደንብ ይመጣል?»

«አንተ ልጅ፣ ምላስህ ረዘመ! እኔም ለነፃነት፣ እሷም ለነፃነት። ማንም ምልክት ቢያደርግ ምን ለውጥ አለው?»

«ጠይቀዋታል ወይ?»

«ምን ያስጠይቃል!»

እኔም አልለቀቅኳቸውም። በጦርነቱ መንግሥት ባሕሩን በዘጋብን ዓመታት መድኃኒት ጠፍቶ የበኩር ልጇን በወባ እንደቀበረች አነሣሁባቸው። ሴት የመረጠችው መንግሥት አዋላጅ ይልካል፤ እሷን ሳያስፈቅድ መሬቷን ለማዕድን አይቆፍርም አልኩ። ስለ ትምህርት ቤትም ጨመርኩ። አፌ ተፈትቶልኝ ስለነበር ሰዓቴን አላየሁም።

በመጨረሻ አባባ አሎይስ አንገታቸውን ደፉ።

«ልጇን ስትቀብር አጠገቧ አልነበርኩም» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን የሆነባትን የምታውቀው እሷ ናት። እኔ ምን ብዬ ነው የምናገርላት?» ተነሥተው በሩን አንኳኩ። «ስኮላስቲካ፣ ልጄ፣ ነይ ውጪ።»

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ጥቁሯን ለብሳ፣ መታወቂያዋን ይዛ ቆማለች።

«ከጠዋት ጀምሮ ለብሼ እየጠበቅኩ ነው አጎቴ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ መምህር፣ ‹ጠይቀዋታል ወይ› ስትል ጊዜ ሊጠሩኝ ነው ብዬ ብድግ ብዬ ነበር። ወዲያው ስለ ማዕድን ማውራት ጀመርክ።»

ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሞልቷል። ወደ ባሕሩ ሮጥን። አዛውንቱ ክንዷን ይዘው እያለከለኩ፣ «ጠብቁ! የሚመርጥ ሰው አለ!» እያሉ ይጮኻሉ። ስንደርስ ጀልባዋ ከባሕሩ ዳር ርቃ ሄዳለች። አባባ አሎይስ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ተጣሩ፤ የሞተሩ ድምፅ ዋጣቸው። ስኮላስቲካ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ባለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ነፃነት ከመቶ ዘጠና ስምንት እጅ አገኘ። «ታዲያ የአንዷ ድምፅ ምን ይጨምር ነበር?» እያሉ የሚያጽናኑኝ አሉ፤ አልጽናናም። እውነት ነው፣ ዛሬ በመንደሩ ስብሰባ አባባ አሎይስ «ባለመሬቷ ትናገር» ብለው ይቀመጣሉ። ለጤና ጣቢያው ቦታውን የመረጠችው እሷ ናት፤ አዋላጅም መጥታለች። ሴት ስትናገር መንደር የሚያገኘው ይህን ነው። እናንተ አንባቢዎቼ ግን እንደኔ አትሁኑ፤ በቅድሚያ በሩን አስከፍቱ፣ ክርክሩን መንገድ ላይ ትጨርሱታላችሁ። እኔ ክርክሩን ረታሁ፤ ስኮላስቲካ ያን ቀን ምን ልትመርጥ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።