ባሪያ የተባለው ዲስክ

አንድ የደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ጠጋኝ በሰው ፊት ሰድቤአለሁ። የልጆቼ ፎቶ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተሬ አንዱን ፎቶ ለመክፈት እንኳ ሲያንቀላፋብኝ ወሰድኩለት። ፈታቶ አየና፣ «እትዬ፣ የእርስዎማ ባሪያ ሆኖ ነው የሚንቀራፈፈው» አለኝ። «ማንን ነው ባሪያ የምትለው? ባለጌ!» ብዬ ጮህኩበት። ተራ የሚጠብቅ ሰው ላፕቶፑን ብድግ አድርጎ ወጣ።

«ኧረ ፎቶዎቹ የተቀመጡበትን ዲስክ ነው!» አለ ደንግጦ። «አንድ ገመድ ላይ ሁለት ዲስክ ሲሰካ አንዱን ጌታ፣ ሌላውን ባሪያ ይሉታል። የእርስዎም ሁለት ዲስክ አለው፤ ዘገምተኛው ፈጣኑን እየጎተተው ነው።» ለየብቻ ገመድ ሲሰካቸው ፎቶዎቹ ወዲያው ተከፈቱ። እኔን ግን ስሙ አሁንም ይከነክነኛል፤ ምን ዓይነት ሰው ነው ለብረት እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣው? ስሙን ያወጣው ግን ጠጋኙ አልነበረም፤ ስድቡን የጠጣው እሱ ነው። ያ ላፕቶፑን ይዞ የወጣ ሰው ይህን ካነበበ ይመለስለት። ጠጋኙም ይቅር ይበለኝ።